ለበረሃ አበባ የቱ ሌንስ? ያገለገለው 70-200 ወይስ ርካሹ 300

መጋቢት ሲገባ ሎስ አንጀለስ ያሉ ጓደኞቼ መደወል ይጀምራሉ። «ለፖፒ፣ ለብርቱካናማዋ የበረሃ አበባ፣ ከከተማው በስተሰሜን ወዳለው አንቴሎፕ ቫሊ ልንሄድ ነው፣ ምን ሌንስ ልግዛ?» መልሴ በየዓመቱ ያው ነው። ያገለገለ ካነን 70-200 ኤፍ 4፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ማረጋጊያ የሌለውን። 70-200 የሚለው በሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሌንሱ ሩቁን ይበልጥ ያቀርባል። እኔ በ340 ዶላር ነው የገዛሁት።

መጀመሪያ ግን እስከ 300 የሚስብ አዲስ ሌንስ በ180 ዶላር አገኘሁና ቸኮልኩ። ቁጥሩ አጓጓኝ። ሜዳው ላይ ስደርስ፣ 300 ላይ ያነሳሁት ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስላል። የአበባው ጠርዝ ደብዝዟል። ወደ 200 መልሼ ማንሳት ጀመርኩ። ታዲያ 300ውን ለምን ገዛሁት? ስሸጠው 70 ዶላር አወጣ። 110 ዶላሬ እንዲሁ ቀረ።

ቴሌፎቶ፣ ማለትም ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ፣ የሚያስፈልገው እዚያ ከመንገዱ መውጣት ስለማይፈቀድ ነው፤ አበባው ይረገጣል። ደግሞ ከሩቅ ስታነሱ ተራርቀው የበቀሉት አበቦች ተጠጋግተው ምንጣፍ ይመስላሉ። ይህን ትንንሽ ነገር ከቅርብ የሚያነሳው ማክሮ ሌንስ አይሰጣችሁም።

«ማረጋጊያ ያለው አይሻልም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ስገዛ የ250 ዶላር ልዩነት ነበረው። ማረጋጊያው የሚይዘው የእናንተን እጅ ነው እንጂ አበባውን አይደለም። አንቴሎፕ ቫሊ ነፋስ አያጣውም፤ ፖፒ ደግሞ ግንዷ ቀጭን ስለሆነ ትወዛወዛለች። እሷን ቀጥ የሚያደርጋት የሻተር ፍጥነት ነው፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ማጠር፤ 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ። በዚያ ፍጥነት የእጅ መንቀጥቀጥም አይታይም። ብርሃን እንዳያንስ አትስጉ። ፀሐይ ከሌለና ከበረደ ፖፒ ራሷ ትከደናለች፣ የሚነሳም ነገር የለም። 250 ዶላሩ ለቤንዚን ይሁን።

የ70-200ው ጉድለት አንድ ነው፤ ከ1.2 ሜትር በታች አይጠጋም። በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ በሆነ) ካሜራ 200 ላይ ፍሬሙን የሚሞላው ቢያንስ 17 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ነው። አንዲት ፖፒ ግን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ለማቅረብ ሁለት መንገድ አለ፤ እኔ መጀመሪያ የመጥፎውን ዋጋ ከፈልኩ።

በ28 ዶላር ከካሜራውና ከሌንሱ መካከል የሚገባ ኤክስቴንሽን ቲዩብ አዘዝኩ። ፎርጅድ ነበር፣ መያዣው ፕላስቲክ። ሌንሱ 705 ግራም ይመዝናል። በሁለተኛው ቀን መያዣው ተሰነጠቀና ሌንሱ አሸዋ ላይ ወደቀ። ፎከስ ቀለበቱ ሲዞር አሸዋ ሲፈጭ ይሰማኝ ነበር። ጥገናው 190 ዶላር፣ ከሦስት ሳምንት ጋር። ሌንሱን ስረከብ አበባው አልፏል። ደህናው ቲዩብ እንኳ ለ50 ሌንስ እንጂ ለ200 ብዙ አይጠቅምም፣ ብርሃንም ይበላል።

የሚሻለው ከሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመደው ክሎዝ አፕ መስታወት ነው። የካነን 500ዲ የሚባለውን፣ ባለ 77 ሚሊ ሜትሩን፣ ያገለገለ በ85 ዶላር አገኘሁ። የሌንሱ አፍ 67 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ማገናኛ ቀለበት ያስፈልጋል። የናሱን ግዙ፤ አሉሚኒየሙ ይጣበቅና አልፈታ ይላል። ከግማሽ ሜትር ሆናችሁ 9 ሳንቲ ሜትር ስፋት ትሞላላችሁ፣ ሲጠጋ ከዚያም ያነሰ። በመንገዱ ጠርዝ ላይ ላሉት አበቦች ይበቃል። ስትፈቱት ደግሞ የሩቁ ምንጣፍ ይመለሳል። አራት አንድ ላይ በ20 ዶላር የሚሸጡትን አትንኩ። መስታወታቸው ነጠላ ስለሆነ ብርቱካናማው ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር ያወጣሉ።

የካነን 100-400 ሌንስ ሁለተኛውን ሞዴል የሚያነሱልኝ አሉ። በጣም ጥሩ ነው፣ ያለ ምንም ጭማሪ እስከ 0.98 ሜትር ይጠጋል። ግን በ2014 ሲወጣ 2,199 ዶላር ነበር፣ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ። ወፍም የምታነሱ ከሆነ ግዙት። ለአበባ ብቻ ከሆነ አይ።

ያገለገለ ስትገዙ የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብሩና በሌንሱ ውስጥ ተመልከቱ። ጭጋግ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካለ ተዉት። ዙሙንና ፎከሱን ጆሯችሁ አጠገብ አዙሩ። ከፈጨ፣ በ200 ዶላርም ቢሆን አትውሰዱት።