የቻፕሊን ሥልጠና በፎርት ጃክሰን፦ ገብቼ ያየሁት

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ቻፕሊኖቹን፣ ማለትም በወታደሮች መሀል የሚያገለግሉትን የሃይማኖት አገልጋዮች፣ የሚያሠለጥነው ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ኮሎምቢያ ከተማ ባለው ፎርት ጃክሰን ነው። እኔ ሜሪላንድ በአንድ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን ሳገለግል ቆይቼ በሪዘርቭ (በተጠባባቂው ጦር) በኩል ገባሁና ሥልጠናውን ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ከዳላስም፣ ከሲያትልም፣ ከሚኒሶታም ይደወላል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። «ምንድን ነው የሚያስተምሩት? እምነትህን ተው ይሉሃል? ጠመንጃ ያስይዛሉ?» ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር። ሥልጠናው ጥሩ ነው፤ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ነው። አገልጋይ ያልነበረን ሰው ግን አገልጋይ አያደርግም። የሚፈጀው ሦስት ወር ገደማ ነው። ስብከት፣ የምክር አገልግሎት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ እውቀት፣ ይህን ሁሉ ይዛችሁ እንደመጣችሁ ተቆጥሮ ነው የሚጀመረው። የምትማሩት ያንኑ አገልግሎት በወታደር መሀል፣ የእናንተን እምነት ለማይከተለውም ሰው፣ እንዴት እንደምትሰጡ ነው። ገና ጥሪውን ለማጣራት የሚሄድ ሰው ይከፋዋል። ጥሪው የገባውና በአገልግሎት የቆየ ሰው ግን ብዙ ያተርፋል።

የመግቢያ መስፈርቱ ጠንከር ያለ ነው። ቢያንስ 120 ክሬዲት ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በላዩ 72 ክሬዲት የሚሞላ ሁለተኛ ዲግሪ በነገረ መለኮት ወይም በሚቀራረብ ትምህርት፣ ለሙሉ ጊዜ ለሚገባ ደግሞ የአሜሪካ ዜግነትና የሁለት ዓመት የአገልግሎት ልምድ ይጠየቃል። የጤናና የደኅንነት ማጣሪያም አለ። ሀገር ቤት የተማራችሁ ዲግሪያችሁን ቀደም ብላችሁ አስገምግሙ። ሴሚናሪ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ትምህርታችሁን ሳትጨርሱ በቻፕሊን ካንዲዴትነት (በዕጩነት)፣ በምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ መጀመር ትችላላችሁ። ይህን መንገድ ወጣቶቻችን ብዙም አያውቁትም።

ከወረቀቱ ሁሉ እኔን ያደከመኝ ኢንዶርስመንቱ ነው። በመከላከያ ሚኒስቴሩ የተመዘገበ ቤተ እምነት «ይህ ሰው የእኛ ነው፣ በእኛ ስም ያገልግል» ብሎ መጻፍ አለበት። የሀበሻ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ በየራሳቸው የቆሙ በመሆናቸው የፓስተራችሁ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ያመለከትኩበት ቤተ እምነት ፋይሌን ይዞ ወራት አስቆጠረ። ስደውል «እየታየ ነው»፣ ስጽፍ ዝምታ። በመጨረሻ ያለቀልኝ ሌላ ጋ ሄጄ ነው። ደብዳቤው ደግሞ አንዴ ተሰጥቶ የሚረሳ አይደለም፤ ቤተ እምነቱ ካነሳው ቻፕሊንነቱም ያበቃል። ስለዚህ ከማን ጋር እንደምትቆሙ በጸሎትና በጥንቃቄ ምረጡ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወታደር ማድረጊያ ናቸው። ሳይነጋ መነሳት፣ ሰልፍ፣ ሰላምታ አሰጣጥ፣ ካርታና ኮምፓስ ይዞ ጫካ መግባት፣ ጓዝ ተሸክሞ መጓዝ። ፎርት ጃክሰን የሠራዊቱ ትልቁ የምልምል ማሠልጠኛ ስለሆነ የ18 ዓመት ልጆች እየዘመሩ በአጠገባችሁ ያልፋሉ። መሬቱ አሸዋ ነው፤ በሰመር ደግሞ ሙቀቱ ምሕረት የለውም። አስለቃሽ ጭስ በሞላበት ክፍል ውስጥ ጭምብል አውልቀን ስንወጣ በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ የካቶሊክ ቄስ ዓይኑ እየፈሰሰ ትከሻዬን ይዞ ነበር፤ እኔም የእሱን። «ለሰባኪ ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ወታደር አፉን የሚከፍተው አብሮት ላብ ላፈሰሰ ሰው ነው፤ ይህን ያየሁት ወደ ጦር ክፍሌ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ወደ ጠመንጃው ልምጣ። ስሰናበት አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ «ልጄ፣ ወንጌል ይዘህ ጠመንጃ ልትሸከም ነው እንዴ?» ብለውኝ ነበር። አይደለም፣ ጋሼ። የጄኔቫ ስምምነት ቻፕሊንን ከተዋጊ አይቆጥረውም፤ የሠራዊቱም ደንብ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክለዋል። መሣሪያ የሚይዘው አብሮት የሚመደበው ረዳቱ ነው። በሜዳ ልምምድ ላይ የእኔ ረዳት የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። ተኩስ ተከፈተ ሲባል «ቻፕሊን፣ ዝቅ ይበሉ!» ብላ ከፊቴ ተደፋች። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ልጅ አልነበረችም፤ መሆንም አይጠበቅባትም። ሰው በሰው እጅ እንዴት እንደሚጠበቅ በዚያች ደቂቃ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ካህን ከጦር ጋር መዝመቱ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ አቡነ ማቴዎስም የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም ነበሩ።

«እምነትህን ተው ይሉሃል?» ለሚለው መልሱ፣ አይሉም። ደንቡ ባጭሩ «ወይ ራስህ አገልግል፣ ወይ የሚያገለግል ሰው አምጣ» ነው። እኔ ሕፃን አላጠምቅም፤ የቤተ እምነቴ ትምህርት አይደለም። ልጁን ማስጠመቅ ለሚፈልግ ወታደር ግን የሚያጠምቅለትን ቻፕሊን ፈልጌ ማገናኘት ግዴታዬ ነው። ሙስሊሙ በረመዳን ሱሑሩን እንዲያገኝና የሚሰግድበት ቦታ እንዲኖረው አዛዡን አነጋግራለሁ። ይህ ከእምነት መሸራተት የሚመስላችሁ ከሆነ ሥራው አይሆናችሁም፤ በግልጽ ልንገራችሁ። እኔ ግን ጌታ ባልንጀራህን ውደድ ሲል ያዘዘው ሥራ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ቻፕሊን ሁሉ የሚያውቀው የአራቱ ቻፕሊኖች ታሪክ እዚህ ላይ ነው የገባኝ። የሜቶዲስቱ ጆርጅ ፎክስ፣ ረቢው አሌክሳንደር ጉድ፣ የሪፎርምዱ ክላርክ ፖሊንግና የካቶሊኩ ጆን ዋሽንግተን የተገናኙት ያኔ ሃርቫርድ በነበረው የቻፕሊን ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1943 ዶርቼስተር የምትባለው መርከባቸው ግሪንላንድ አካባቢ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመታች። የሕይወት ጃኬታቸውን ለወታደሮች አውልቀው ሰጡና እየጸለዩ አብረው ሰጠሙ። ኮሪያ ላይ የተማረኩት አባ ኤሚል ካፓንም አሉ፤ በእስር ካምፕ ውስጥ ለተራቡት ምግብ እየሰረቁ፣ ቁስለኛ እያጠቡ ቆይተው በሜይ 1951 እዚያው አረፉ። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የገባው በዚያው ወር መሆኑን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ምስጢር ጠባቂነቱን በተለይ ለሀበሻ ወታደሮች ማሳወቅ እፈልጋለሁ። ለቻፕሊን በምክር ጊዜ የነገራችሁት እዚያው ይቀራል። አዛዡ ቢጠይቅም አይወጣም፤ በወታደራዊ ፍርድ ቤትም የተጠበቀ ነው። በየጦር ሰፈሩ ያሉ ልጆቻችን «ወሬው ቤተሰብ ጋ ይደርሳል» ብለው በሆዳቸው ይዘው የሚታመሙትን አይቻለሁ። ቻፕሊናችሁ ጋ ግቡ።

አሁን ከሥልጠናው ሁሉ ከውስጤ ወዳልወጣው፣ ወደ መርዶው። ወታደር ሲሞት ለቤተሰቡ በስልክ አይነገርም። አንድ መኮንንና አንድ ቻፕሊን የክብር ልብስ ለብሰው ሄደው በር ያንኳኳሉ። ቃሉን የሚናገረው መኮንኑ ነው፤ የቻፕሊኑ ሥራ ከቃሉ በኋላ ይጀምራል። በልምምዱ ላይ እናት ሆና የምትተውን ሴት በሩን ስትከፍት እኔ እንደለመድነው ቀስ ብዬ «እንግባ፣ እንቀመጥ» ማለት ጀመርኩ። አሠልጣኛችን አስቆመኝ። «የደንብ ልብሱን ስታይ አውቃዋለች፤ በጭንቀት አታቆያት» አለኝ።

በእረፍት ሰዓት የእኛን ወግ ነገርኩት። ሽማግሌ እንደሚመረጥ፣ ጎረቤት ቀድሞ እንደሚሰማ፣ ለቅሶተኛው ተሰብስቦ ንጋት ላይ መርዶው እንደሚነገር። ሲሰማኝ ቆይቶ ለክፍሉ ሁሉ እንድደግመው ጠየቀኝ። ክርክር ተነሳ፤ አንዷ ሠልጣኝ «ታዲያ እናትየው እስኪነጋ ሳታውቅ እንድታድር ማን ፈቀደላቸው?» አለች። ጥያቄዋ ከባድ ነው፤ ለእውነቱ መቸኮላቸው ትክክል ይመስለኛል። የእኛ ወግ የሚበልጥበት ግን አለ፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይሆንም። እዚህ ሀገር ጎረቤቱን የማያውቅ ብዙ ነው። ስለዚህ አንዲት ነገር ከሀገሬ ይዤ ገብቻለሁ፦ ከዚያ ቤት ሳልወጣ «ዛሬ ማታ ማን አብሮዎት ያድራል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልስ ካላገኘሁ አልሄድም። አሠልጣኙ በማስታወሻው ላይ ጻፋት።

ጉድለቱ ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ ሦስት ወር ለማማከር ሙያ አይበቃም። ከመግባታችሁ በፊት ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠውን የክሊኒካል የአገልጋዮች ሥልጠና አንድ ዙር ብትወስዱ፣ የታመመና የሞተ ሰው አጠገብ መቆም አዲስ አይሆንባችሁም። እንግሊዝኛችሁ የሚያሳስባችሁ ደግሞ አትፍሩ። ጆሮ ከምላስ ይልቅ ይፈለጋል፤ በአነጋገሬ የሳቀብኝ አልነበረም።

ባለትዳሮች ግን መጀመሪያ ቤታችሁን አናግሩ። ባለቤቴ ልጆቹን ብቻዋን ይዛ ነው የቆየችው፤ ከእኔ ይልቅ የደከመችው እሷ ናት። ሪዘርቭ ብትገቡም ዘመቻ ሊመጣ እንደሚችል ቁርጡን ንገሯቸው።

ለደመወዝ ወይም ለማዕረግ ብላችሁ ከሆነ አልመክርም፤ ሠራዊቱ ሌላ ብዙ ሥራ አለው። ሐዘንተኛ ቤት ለማደር የማይሰለች፣ ቤተ ክርስቲያኑ የመሰከረለት፣ የሌላውን እምነት ሳይንቅ የራሱን አጥብቆ የያዘ ሰው ካለ ግን ዛሬውኑ ይጀምር። ገበያ አዳራሽ ያለው ተራ መልማይ ጋ አትሂዱ፤ ስለ ቻፕሊን ብዙ ላያውቅ ይችላል። የቻፕሊን መልማዮች ለብቻቸው አሉ፣ እነሱን ጠይቁ። ከዚያ በፊት ትራንስክሪፕታችሁን አውጡ፣ ቤተ እምነቱን አናግሩ፣ መሮጥም ጀምሩ።