ሱፐርቻርጀር ለማስታንግ፦ አናት ላይ የሚቀመጠው ወይስ ከፊት የሚታሰረው? አዳማ ሆኖ ለሚመርጥ

አንድ ጎረምሳ የ2016 ሞዴል ማስታንግ ጂቲውን (በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ቢሆንማ አዲስ ነበረች) ጋራዡ በር ላይ አቁሞ ስልኩን ዘረጋልኝ። ሁለት ሱፐርቻርጀር (ወደ ሞተሩ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ዕቃ) መርጦ መወሰን አቅቶታል፤ አንዱ አናት ላይ የሚቀመጠው ዊፕል፣ አንዱ ከፊት የሚታሰረው ፕሮቻርጀር።

«ጋሼ፣ የቱን ልዘዝ? ይሄኛው ፈረስ ጉልበቱ ይበልጣል ይላል።»

«እዚያ የተጻፈው የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው» አልኩት። «አንተ ያለኸው ናዝሬት ነው።»

ወሬያችን ሁለት ቡና አስጨረሰ። ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሌላም ሰው ስለማይጠፋ ያልኩትን እዚህ ላስፍረው።

አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነች። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 82 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው 435 ፈረስ ጉልበት አለው ያለው ባለ 5.0 ሊትር ሞተር እዚህ ሲደርስ የሚሰጠው 355 አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ሲወጣ ደግሞ ወደ 325 ይወርዳል። ባለመኪናው «አሜሪካ ካለው የዘመዴ መኪና ጋር አንድ አይደለም» ሲል መካኒኩን ይጠረጥራል። የጎደለው አየር ነው እንጂ መካኒኩ አልሰረቀውም።

ሱፐርቻርጀሩም ቢሆን የሚጨምቀው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው። በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ስለተያያዘ ፍጥነቱ የታሰረ ነው፤ የገባለትን ግፊት በተወሰነ እጥፍ ያበዛል፣ ከዚያ አያልፍም። ባሕር ዳርቻ ላይ 8 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ቡስት፣ ማለትም ተጨማሪ ግፊት፣ የሚሰጥ ዕቃ አዳማ ላይ ጌጁ 6.5 ያሳያል። ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ጠቅላላ ግፊት 18.6 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ምንም ሱፐርቻርጀር የሚገባው 14.7 መሆኑን አስቡ። ከምትገዙት ቡስት ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከፍታው የወሰደባችሁን ለመመለስ ይውላል ማለት ነው፤ ትርፉ ቀሪው ነው። ይህን ያወቀ ሰው በማስታወቂያ ቁጥር አይጣላም።

አሁን ወደ ሁለቱ እንምጣ።

ሞተሩ አናት ላይ፣ የአየር ማኒፎልዱ በነበረበት ቦታ የሚቀመጡት ሩትስ እና ባለ ሁለት ስክሩ ናቸው። ሩትስ የሚለው ስም የሁለት ወንድማማቾች የቤተሰብ ስም ነው፤ ኢንዲያና ውስጥ በ1860 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ሲያገኙ ማሽኑ አየር መንፊያ እንጂ የመኪና ዕቃ አልነበረም። የዛሬው የኢተን ቲቪኤስ የእሱ የልጅ ልጅ ነው፤ ፎርድ በ2020 ሞዴሉ ማስታንግ ጂቲ500 ላይ የገጠመው እሱን ነው፣ ራውሽ ለተራው ማስታንግ የሚሸጠውም እንደዚሁ። ባለ ሁለት ስክሩው ዊፕል ነው፤ ከፋብሪካ የወጣ ምሳሌ ካስፈለገ የዶጅ ሄልካት አለ። ልዩነታቸው ሩትስ አየሩን ወደ ማኒፎልዱ ይገፋል፣ ባለ ስክሩው ግን ሆዱ ውስጥ እያለ ይጨምቀዋል። በከፍተኛ ቡስት ባለ ስክሩው አየሩን ያነሰ ያሞቀዋል። እኛ በምናወራው 6 እና 7 ፒኤስአይ ግን ልዩነቱ ለጭቅጭቅ አይበቃም፤ በዋጋና በአቅርቦት ምረጡ።

ከሞተሩ ፊት በብራኬት የሚታሰረው ሴንትሪፉጋል ነው፤ ፕሮቻርጀር እና ቮርቴክ የሚሠሩት። የቱርቦን ግማሽ አካል አስቡ፤ የሚያዞረው ግን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ሳይሆን ቺንጋ ነው።

ነዳጅ ስትረግጡ የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። አናት ላይ የሚቀመጠው ገና በ2,000 ዙር ሙሉ ቡስቱን ሊሰጥ ይደርሳል። በባጃጅ መሃል እየተሹለከለካችሁ ትንሽ ክፍተት ስታገኙ መኪናው ይዘላል። ሴንትሪፉጋል ቡስቱ ከዙሩ ጋር ነው የሚወጣው፤ በ3,000 ዙር ላይ ገና እንቅልፍ ላይ ነው፣ ከ5,000 ሲያልፍ ይነቃል። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ሴንትሪፉጋል ማለት የማይጠቀምበትን ዕቃ ተሸክሞ መዞር ነው። እዚህ ላይ አናት ላይ የሚቀመጠው ያሸንፋል፤ አልከራከርም።

ሚዛኑን የሚያዞረው ቤንዚኑ ነው። አሜሪካ የሚሠሩት ዕቃዎች ይዘውት የሚመጡት ቲዩን (የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከያ ፋይል) 91 ወይም 93 ኦክቴን ለሚሉት ነዳጅ ነው፤ የእነሱ 91 በአውሮፓ አቆጣጠር 95 ያህል ነው። እኛ ማደያ ላይ የኦክቴን ምርጫ የለንም፤ ያለው አንድ ቤንዚን ነው፣ እሱም ሰልፍ ካልበዛበት። ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቡስት ለሚሠራ ሞተር አትስጡት። ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን ሲጨመቅና ሲሞቅ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይነሳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ሞተር ደግሞ በብዛት የሚያንኳኳው በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ከባድ ጭነት ሲጫንበት ነው። አናት ላይ የሚቀመጠው ሙሉ ቡስቱን የሚያመጣው በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነው። ሴንትሪፉጋል በዚያ ሰዓት ገና እያንቀላፋ ስለሆነ ሞተሩን ያሳርፈዋል።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ሄልካት እና ጂቲ500 ከፋብሪካ ሱፐርቻርጀር ተገጥሞላቸው ሲወጡ የሞተራቸው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቅበት ልክ) 9.5 ለ 1 ነው። የጎረምሳው ማስታንግ 11 ለ 1 ነው፤ ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ያለው ደግሞ 12 ለ 1። ፋብሪካው ቡስት ሊጨምር ሲያስብ መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን አወረደ፤ እኛ ሳናወርድ ነው የምንጭነው። ያለን መከላከያ ከፍታው፣ ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) እና ቲዩኑ ናቸው።

ሙቀቱንም ቁጠሩ። አናት ላይ የሚቀመጡት ኢንተርኩለራቸው በውሃ የሚሠራ ነው፤ የራሱ ትንሽ ራዲያተር፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለው። ፓምፑ ቢቆም መኪናው ይሄዳል እንጂ አይጮህም፤ የሚገባው አየር ግን እየጋለ ይመጣል። ዳሽቦርድ ላይ የአየሩን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ሳይኖር ይህን ዕቃ አልገጥምም። ሴንትሪፉጋሉ ከፊት መከላከያው ጀርባ የሚቀመጥ በአየር የሚበርድ ኢንተርኩለር ይጠቀማል፤ የሚበላሽ ፓምፕ የለውም፣ ጉዳቱ ቱቦው ረጅም መሆኑ ነው፤ አንድ ክላምፕ ከላላ ቡስቱ ይተነፍሳል።

አቧራም አለ። የአዳማ ነፋስ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ነው፤ ኮረብታው ላይ ያሉትን ነጭ ማማዎች ያየ ይመሰክራል። የሴንትሪፉጋል ፊልትሮ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች፣ ከጎማው አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ የአቧራ መንገድ የሚወጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ይፈትሸው። ዘይት የሚቀባውን ፊልትሮ ተዉት፣ ዘይቱ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ያቆሽሻል፤ ደረቁ ይሻላል።

ገጠማው ላይ ብዙ አልቆይም። ለአናቱ ማኒፎልዱ ይወርዳል፣ ኢንጀክተር ይለወጣል፣ የውሃ መስመር ይዘረጋል። ለሴንትሪፉጋሉ የፊት መከላከያው ይነሳል፣ ብራኬትና ቱቦ ይታሰራል። ሁለቱም ከበፊቱ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ካንዴላ ይፈልጋሉ፤ ክፍተቱም ወደ 0.75 ሚሊ ሜትር ይጠባል፣ አለበለዚያ ቡስቱ ብልጭታውን ያጠፋዋል። አንድ ልዩነት ግን ገንዘብ ነው፦ ሴንትሪፉጋል ሲነቀል የፋብሪካው ማኒፎልድ እዚያው አለ፤ መኪናው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የቤንዚን መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. (በእኛ!) ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ ማስታንግ ያው ያለው ነው፤ ገዢ ሲመጣ ኦሪጅናሉን ነው የሚጠይቀው።

ማንኛውንም ብትገጥሙ የዘይት ፓምፑን ማርሽ አስለውጡ። የዚህ ሞተር የፋብሪካ ማርሽ ከተጨመቀ የብረት ዱቄት የተሠራ ነው፤ በቡስት ከፍተኛ ዙር ላይ መሰበሩ የታወቀ ነው፣ ሲሰበር ሞተሩ ያለ ዘይት ይቀራል። የፊት ሽፋኑ ስለሚወርድ የእጅ ዋጋው ያሳምማል። በኋላ ከሚመጣው ግን ይረክሳል።

ቲዩኑ ጋ ስንደርስ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮምፒውተሩ ላይ ከዕቃው ጋር የመጣውን ፋይል ጭኖ «አለቀ» የሚል አለ። አላለቀም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የአየርና የቤንዚኑን ድርሻ የሚለካ ዋይድባንድ ሴንሰር ይገጠማል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነዳጁ ግማሽ ድረስ ብቻ እየተረገጠ መረጃ ይቀዳል፣ ፋይሉ አሜሪካ ላለው ቲዩነር ይላካል፣ እሱ አስተካክሎ ይመልሳል፣ እንደገና ይቀዳል። እዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ታገሱ። ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ ለ1 እጅ ቤንዚን 11.5 እጅ አየር ገደማ ማየት እፈልጋለሁ፤ 12.5 ካየሁ እግሬን አነሳለሁ። ቲዩነሩ በሦስተኛ ማርሽ እስከ ላይ ንዳልኝ ይላችኋል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ጣሪያው 120 ነው፤ በዚህ መኪና ሦስተኛ ማርሽ ያን ጥሶ ያልፋል። በሁለተኛ ማርሽ እስከ 7,000 ዙር ብትሄዱ 105 ላይ ትቆማላችሁ። ጭነቱ ግን ከሦስተኛው ያነሰ ስለሆነ የተቀዳው መረጃ ሞተሩን ከእውነቱ ያነሰ የተፈተነ ያስመስለዋል፤ ለቲዩነሩ ይህን ንገሩትና ከማቀጣጠያው ጊዜ ሁለት ሦስት ዲግሪ እንዲቀንስ ጠይቁ።

ሌላው ወጥመድ ቁልቁለቱ ነው። አንድ ባለመኪና ሌላ ቦታ አሠርቶ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን 8 ፒኤስአይ ጌጁ ላይ ካላየሁ ብሎ ፑሌጃውን (ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረውን የቺንጋ መዘውር) ቡስት በሚጨምር ትንሽ ፑሌጃ አስለወጠ። ጋራዡም እሺ አለው። አዲስ አበባና አዳማ ላይ ወራት ነዳው፤ ሰላም ነው። ከዚያ ለሠርግ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። መተሐራ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር እንኳን አይሞላም፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ያቃጥላል። ቡስቱ በራሱ ጨመረ፣ የሚገባው አየር ጋለ፣ ቤንዚኑ ያው ነው። በሰማያዊ ጭስ ነው የተመለሰው፤ ሲከፈት የሁለት ፒስቶን የፋሻ መቀመጫ ተሰብሮ ነበር። ስለዚህ ፑሌጃ ስትመርጡ ለምትኖሩበት ሳይሆን ለምትወርዱበት ዝቅተኛ ቦታ ምረጡ።

ቱርቦስ? ከፍታ ላይ ቡስቱን በራሱ ያካክሳል፤ በዚህ ከሁለቱም ይበልጣል። ነገር ግን ለማስታንግ የጭስ ማውጫውን ሥራ በሙሉ እንደገና መሥራት ነው፣ ኮፈን ሥር ያለው ሙቀትም ሌላ ጉዳይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ለሚነዳ መኪና አልመክረውም።

ዋጋው ለሁለቱም ይቀራረባል፤ ዕቃው ብቻ እዚያው አሜሪካ ከ7,000 እስከ 10,000 ዶላር ነው። ማጓጓዣና ቀረጥ ይደመርበታል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ስታሰሉት ተቀምጣችሁ አስሉት።

ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ፣ ጌጅ የመከታተል ልማድ ያላችሁ፣ ቆላ የማትወርዱ ከሆነ ሩትስ ወይም ባለ ስክሩ በትልቅ ፑሌጃ ጥሩ ነው፤ ደስታውም ይበልጣል። አዲስ አበባና አዳማን በፈጣኑ መንገድ የምትመላለሱ፣ አልፎ አልፎም አዋሽን የምታቋርጡ ከሆነ ሴንትሪፉጋል።

ጎረምሳው እናቱ ድሬዳዋ ናቸው። ሴንትሪፉጋሉን አዘዘ፤ ትልቁን ፑሌጃ፣ የዘይት ፓምፕ ማርሽና ሁለት ትርፍ ቺንጋ ጨምሮ። ቺንጋው እዚህ ገበያ ላይ በዚያ ልክ አይገኝም።