ሮቶው ስንት ውሃ ቀረው? የራስበሪ ፓይ ጀማሪ ኪት በአዳማ

የእህቴ ልጅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። በሐምሌ 2016 ይፋ በሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ተመዝግቦ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ኮርሱን በእናቱ ስልክ ከጨረሰ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የጻፍኩት ኮድ ከስክሪን ወጥቶ አንድ ነገር ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ» ስላለኝ፣ አዲስ አበባ ከሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ በራስበሪ ፓይ 4 ላይ የተመሠረተ የጀማሪዎች ኪት ገዛሁለት። ዋጋው ከአንድ መካከለኛ ስማርት ስልክ ብዙም አይርቅም። አዳማ በሚገኘው ቤታችን ለሦስት ወር ያህል ተጠቅመንበታል። ከሚያስተምረው ነገር አንጻር ገንዘቡ አያስቆጭም፤ ነገር ግን ያዘጋጁት ሰዎች መብራት የማይጠፋበትን ቤት ብቻ አስበው እንዳዘጋጁት በየሳምንቱ ያስታውሰናል።

የራስበሪ ፓይ ሰሌዳው ከኤቲኤም ካርድ እምብዛም አይበልጥም፤ ሆኖም 2 ጊጋባይት ራም ያለው ሙሉ ኮምፒዩተር ነው። አብረውት የፕላስቲክ ማቀፊያ፣ ሲስተሙ የተጫነበት ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ፣ ቻርጀር፣ የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ ብሬድቦርድ (ሽቦዎችን ሳይበየዱ እየሰኩ የሚያገናኙበት ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ)፣ ጥቃቅን አምፖሎች፣ ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱ)፣ ጃምፐር የሚባሉ ማገናኛ ገመዶች፣ በድምፅ ርቀት የሚለካ ሴንሰር፣ አነስተኛ ሞተር ከነመንጃ ቺፑ እና በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ አሉ። ኪቦርድ፣ ማውስና ስክሪን የሉበትም። ኪቦርዱንና ማውሱን ከአሮጌ ዴስክቶፕ ወሰድን፤ ለስክሪን የሳሎኑን ቴሌቪዥን ስለተጠቀምን፣ የእህቴ ድራማ በሚጀምርበት ሰዓት ኮዲንጉ እንዲቆም ከወዲሁ መስማማት ነበረብን። የቻርጀሩ ሶኬት ሦስት ወፍራም ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት በመሆኑ አዳፕተር ለብቻው መግዛትም ግድ ሆነ።

ይህ አዳፕተር ሲላላብን ለጊዜው ብለን የስልክ ቻርጀር ሰካን፤ ወዲያውኑ በስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ራስበሪ ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት እና 3 አምፒር ነው፤ ምልክቱም ቮልቴጁ ከሚገባው በታች እየወረደ መሆኑን ያመለክታል። የባሰው የመጣው ግን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልጁ ፕሮግራሙን ሴቭ እያደረገ ሳለ መብራት ሄደ፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ቀይ መብራቱን አብርቶ ከዚያ አላልፍ አለ። ሚሞሪ ካርድ መረጃ እየተጻፈበት ኃይል ከተቋረጠ የፋይሎቹ ሥርዓት ሊበላሽ ይችላል። እኛም ላፕቶፕ ተውሰን፣ ከ1 ጊጋባይት በላይ የሆነውን ሲስተም በስልክ ሆትስፖት አውርደን ካርዱን እንደገና ጻፍነው፤ የልጁ የሁለት ሳምንት ሥራ ግን አልተመለሰም። መመሪያው ኮምፒዩተሩን በትክክል ስለመዝጋት የሚናገረው መጨረሻው አካባቢ በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ አስቀምጠው ነበር። አሁን ሥራውን በየማታው ፍላሽ ላይ ይገለብጣል፤ ኮምፒዩተሩንም እየተሞላ ሳለ ኃይል መስጠቱን ከማያቋርጥ፣ 3 አምፒር ከሚያወጣ ፓወር ባንክ ጋር አገናኝተነዋል። በነገራችን ላይ ይህ ሞዴል የራሱ የሰዓት ባትሪ ስለሌለው፣ ኢንተርኔት ከሌለ ሲነሣ ሰዓቱን የሚቀጥለው ከጠፋበት ጊዜ ገደማ ነው።

መመሪያው አምፖል በማብራት ይጀምርና በትራፊክ መብራት በኩል አድርጎ ወደ ርቀት መለኪያው ይደርሳል። የእህቴ ልጅ የትራፊክ መብራቱን በአንድ ቀን ጨርሶ ልቡ ያረፈው ሴንሰሩ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን ሮቶው ስንት እንደቀረው ለማወቅ መሰላል ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ሴንሰሩ ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ልኮ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ውሃው ከክዳኑ 1 ሜትር ሲርቅ ምላሹ ከ6 ሚሊሰከንድ (ከሰከንድ 6/1000ኛ) ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ልጁ ጊዜውን በፍጥነቱ አባዝቶ ለሁለት ማካፈሉን ረስቶ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ንባብ ሮቶው ከቁመቱ በላይ ባዶ መሆኑን ነገረን።

እዚህ ላይ ይቅር የማልለው ስሕተት አለ። የሴንሰሩ ምላሽ 5 ቮልት ሲሆን፣ የራስበሪ ፓይ እግሮች (ገመድ የሚሰካባቸው የሰሌዳው ሹል ብረቶች) የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ነው፤ የመመሪያው ሥዕል ግን ሁለቱን በቀጥታ ያገናኛቸዋል። ሥዕሉን አምኖ የሚከተል ጀማሪ ሰሌዳውን ሊያቃጥል ይችላል። ቮልቴጁን ለመከፋፈል የ1 ኪሎ ኦም እና የ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ይበቃሉ፤ ኪቱ ውስጥ ሁለተኛው ባለመኖሩ ሁለት ባለ 1 ኪሎ ኦሞችን በተከታታይ አያይዘን ተክተነዋል።

ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ቋንቋ የፓይተን ትምህርት ግን ደስ ያሰኛል። ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን (ፕሮግራሙ ዋጋ የሚያስቀምጥባቸውን) ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ስለሚፈቅድ፣ ልጁ በአማርኛ «ርቀት» እና «ውሃ» ብሎ ሰየማቸው። መጀመሪያ ፊደሎቹ ባዶ ሣጥን ሆነው ታዩን፤ የአማርኛ ፎንት ሲጫን ተስተካከለ። ከዚያም ፕሮግራሙ «ውሃ» የሚባል ነገር አላውቅም ብሎ ቆመ። አንድ ሰዓት ያህል ከፈለግን በኋላ ያገኘነው፣ ላይ «ውኃ» ታች «ውሃ» ተብሎ መጻፉን ነው፤ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆንም ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የአማርኛ መምህሩ ስለ ሞክሼ ፊደላት ሲቆጣ ልጁ አሁን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

በከተማችን ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የሚዞሩትን የነፋስ ተርባይኖች እያየ ያደገ ልጅ ሞተሩን ለማዞር መቸኮሉ አያስገርምም፤ ሆኖም የሰሌዳው እግሮች ሞተር የሚበቃ ኃይል ስለማይሰጡ ያለ መንጃ ቺፑ መሞከር አይገባም። ማቀፊያውም ለአዳማ ሙቀት አልተሠራም። ሰሌዳው 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ስለሚያዘገይ ክዳኑን ከፍተን እንጠቀማለን።

የሚገዛ ሰው ከኪቱ ዋጋ በላይ አዳፕተር፣ ፓወር ባንክ እና አንድ ተጨማሪ ሚሞሪ ካርድ ቢያስብ መልካም ነው። የእኛ ሴንሰር ከክዳኑ ሥር በሚጠራቀመው እርጥበት ምክንያት በሦስተኛው ሳምንት የተዘበራረቀ ቁጥር መስጠት ስለጀመረ፣ ውሃ የማያስገባውን ዓይነት ለብቻው አዝዘናል፤ እስኪመጣ ድረስ ልጁ መሰላሉን አልመለሰም።