የእናቴ የጤና መድን ደብተር፦ አምስት ሳምንት በድሬዳዋ

ባለፈው ክረምት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ድሬዳዋ አምስት ሳምንት ቆይተን ተመልሰናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ፣ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሁለት ጊዜ፣ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ አንድ ጊዜ፣ መድኃኒት ቤቶችን ደግሞ ቁጥሩ እስኪጠፋኝ ድረስ ተጠቅመናል። ከውጭ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ግል ክሊኒክ ስለሚሄድ፣ ስለ መንግሥት ሕክምና የሚያወራው ከሌላ የሰማውን ነው፤ እኔም በየጉብኝቱ የማደርገው ይህንኑ ነበር። ዘንድሮ ግን እናቴ «ደብተር እያለኝ ገንዘብሽን ለምን ትበትኛለሽ?» ብላ ስለተቆጣችኝ፣ እሷ በምትታከምበት መንገድ አብሬያት ሄድኩ።

የማነጻጽረው ከምን ጋር እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። የምንኖረው እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው። እዚያ ያለው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 የተጀመረና በዋናነት ከጠቅላላ ግብር የሚተዳደር በመሆኑ፣ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ የሚጠይቀን ገንዘብ የለም፤ ሁለቱም ልጆቼ ሲወለዱ አንድም ደረሰኝ አልፈረምንም። ይሁን እንጂ «ነፃ» የሚለውን ቃል እኛ አገር ቤት ስንመጣ አብዝተን እንጠቀምበታለን። አገልግሎቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1951፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር ክፍያ ወጣባቸው፤ በ1952 ደግሞ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ተከተለ። ስኮትላንድና ዌልስ ይህን የመድኃኒት ክፍያ አንስተውታል፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን ከግንቦት 2024 ጀምሮ ለአንድ የመድኃኒት ዓይነት 9.90 ፓውንድ ይከፈላል፣ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችና 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ሌሎችም ነፃ የሚሆኑባቸው ምክንያቶች ቢኖሩም። ለዚህ ጉዞ የታይፎይድና የጉበት ክትባታችንን በነፃ ስንወስድ፣ የወባ መከላከያውን ክኒን ለአራታችንም ከኪሳችን ነው የገዛነው።

ክኒኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. ዝናብ ሳይኖር ወባ ሲነሳ፣ ተመራማሪዎች ከእስያ ከመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ይህች ትንኝ ረግረግ ፍለጋ ከከተማ አትወጣም፤ ውኃ በተራ ስለሚመጣ ሁላችንም ግቢ ውስጥ የምናስቀምጠው በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። እኛ ቤት የደረስን በአራተኛው ቀን አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጥታ፣ ለቡና እንኳ ሳትቀመጥ፣ በቀጥታ ወደ ሮቶው ሄዳ ክዳኑን ከፍታ ካየች በኋላ እናቴን ስትገሥጻት ተመለከትኩ። ሊድስ ውስጥ በአሥራ ሰባት ዓመት ቤቴን ያንኳኳ የጤና ባለሙያ፣ ልጆቹ በተወለዱ ሰሞን ከመጡት በቀር የለም።

በሁለተኛው ሳምንት የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ስታተኩስ አደረች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረስን። ካርድ ክፍሉ ፊት ያለው ሰልፍ አስፈርቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ትኩሳት ያለበትን ልጅ የምትለይ ነርስ ሰልፉ መካከል ትዞር ስለነበር ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆምንም። ይህችው ነርስ ከፊታችን ያለችውን እናት በሶማሊኛ፣ ቀጥሎ ያለውን አባት በኦሮምኛ፣ እኔን በአማርኛ እየጠየቀች ስትመዘግብ ማየት፣ ሊድስ ውስጥ አስተርጓሚ በስልክ እስኪገኝ ጎረቤቶቼን ይዤ የጠበቅኩባቸውን ቀናት አስታወሰኝ። የደም ምርመራው ውጤት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ደረሰ፤ ወባ አልነበረም። ወባ ቢሆንም ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው፤ የከፈልነው ለካርድና ለሌላ አንድ ምርመራ ብቻ ሲሆን፣ ያም ለእኛ የሚሰማ ገንዘብ አልነበረም።

ያየን ጤና መኮንን ወጣት ነው፤ ልጅቷን በወጉ መርምሮ «ዴንጊ ሊሆን ስለሚችል አይቡፕሮፌን እንዳትሰጧት፣ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ብቻ፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ሆዷን ካመማት ወይም ከደማች ሳታድሩ አምጧት» አለን። አደጋው ትኩሳቱ በሚወርድበት ሰዓት ሊመጣ እንደሚችል የነገረኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። በአንጻሩ፣ ቤታችን አቅራቢያ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት ልጅቷን እንኳ ሳያይ አንቲባዮቲክ ሊሸጥልኝ ከመደርደሪያው አውርዶ ነበር። ልጄ በአምስተኛው ቀን ድና ከፊራ ገበያ ማንጎ ስትመርጥ ውላለች። ለማነጻጸር ያህል፣ አምና ታናሽዋ ባተኮሰው ጊዜ 111 ወደሚባለው የጤና ምክር ስልክ ደውለን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተልከን፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሰባት ሰዓት ተቀምጠናል፤ ደንቡ በአራት ሰዓት ውስጥ ነው የሚለው።

እስከዚህ ድረስ ያየሁት ሁሉ የጠበቅኩትን የሚያፈርስ ስለነበር፣ በእናቴ የክትትል ቀን ልቤን ጥዬ ነው የሄድኩት።

እናቴ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ግፊት አለባት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተስፋፋ ሲሆን፣ ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ቤተሰብ የታሰበ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ደሃ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ከዚያ በኋላ አባሉ በሚታከምበት ቀን ገንዘብ አያወጣም። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅበታል፦ ደብተሩ በወቅቱ የታደሰ መሆን አለበት፣ ሕክምናውም ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት። ሪፈር ሳያጽፍ ሆስፒታል የሄደ ሰው ደብተሩን ቢያሳይም ከኪሱ መክፈሉ አይቀርም። ይህ አሠራር እኛ ሊድስ ውስጥ ካለን ብዙ አይለይም፤ እዚያም ቢሆን የሰፈሩ ሐኪም ሳይልከኝ ስፔሻሊስት ማየት አልችልም።

ልዩነቱን ያየሁት ወረቀቱን የሚያዞረው ማን እንደሆነ ስመለከት ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የወንድሜ ሚስት ቀድማ ሄዳ ወረፋ ያዘች። ሁለት ሰዓት ላይ እኔና እናቴ ደረስን። ከዚያ በኋላ እናቴ ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሳትነሳ፣ የወንድሜ ሚስት ደብተሩን ካርድ ክፍል አስመዘገበች፣ የእናቴን ካርድ ተረክባ ወደ ምርመራ ክፍል ወሰደች፣ የላብራቶሪውን ማዘዣ የመድን ማኅተም አስመትታ መለሰች፣ ናሙናው ከተሰጠ በኋላ ውጤቱን ተቀብላ እንደገና ሐኪሙ በር ላይ ቆመች፣ የመድኃኒቱን ወረቀት ደግሞ ሌላ ማኅተም አስመታች። አንዱ ማኅተም የሚመታው ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ስላልነበረ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። እኔ ልረዳ ብዬ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ መስኮት ላይ ተሰለፍኩና «አንቺ እማዬ ጋ ተቀመጪ አቦ» ተባልኩ። ብቻቸውን የመጡ አንድ አዛውንት ወረቀታቸውን ይዘው በሩን ሲፈልጉ አይታ፣ «አባባ፣ የእርስዎንም እኔ ላድርስ» ብላ ጨምራ ያዘች። ከቀትር በፊት ጨርሰን ስንወጣ ለሕክምናው ከኪሳችን የወጣ ሳንቲም አልነበረም፤ እሷ ግን ሱቋን ግማሽ ቀን ዘግታ ነው የዋለችው፣ ይህም በየወሩ ነው።

በወር በወር ገንዘብ የምልክ እኔ ነኝ፤ እናቴን የማሳክም እኔ እንደሆንኩ ነበር የማምነው። ያን ቀን ከወንበሩ ላይ ሆኜ ያየሁት ሌላ ነው።

ሐኪሟ እናቴ ማየት እየከበዳት መሆኑን ስትሰማ ሪፈር ጻፈችላት። በስኳር ምክንያት ዓይን በየጊዜው መታየት እንዳለበት በደንብ አስረድታናለች፤ ቃሏም ሆነ አክብሮቷ ሊድስ ውስጥ በአሥር ደቂቃ ቀጠሮ ከማገኘው የሚሻል እንጂ የሚያንስ አልነበረም። ሆስፒታሉ ላይ የመጀመሪያው ቀን በሰልፍ አለቀ፤ በሁለተኛው ቀን በአንድ ዓይኗ ላይ ሞራ እንዳለ ተነግሮን ለቀዶ ሕክምና የጥቅምት ቀጠሮ ተሰጠን። እስከዚያ የሚሆን መነጽር ሲታዘዝላት፣ ደብተሩ መነጽር እንደማይሸፍን ሰማን፤ ሰው ሠራሽ ጥርስም እንደዚሁ። ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የእንግሊዞቹን ታሪክ ማስታወስ ነው፤ ሁለቱም አገሮች በጥርስና በመነጽር ላይ እጃቸው መሰብሰቡ ገርሞኛል።

መድኃኒቱ ላይ ያለው ችግር ከዚህ ይብሳል። የስኳሩ ክኒን ሜትፎርሚን በጤና ጣቢያው ነበር፤ የግፊቱ አምሎዲፒን ግን አልነበረም። በመስኮቱ ያለው ባለሙያ በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ ወረቀቱ ላይ «የለም» ብሎ ማኅተም መታ። በዚህ ማኅተምና በደረሰኝ ከውጭ የተገዛው መድኃኒት ገንዘብ ሊመለስ ይችላል ተባልን። ማታ ቤት ስንገባ የወንድሜ ሚስት የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ አሳየችኝ፤ ውስጡ የዓመት ከመንፈቅ ደረሰኝና «የለም» የተመታበት ወረቀት ሞልቶበታል። ገንዘቡን ለመጠየቅ ሌላ ግማሽ ቀን ሱቅ መዝጋት ስለሚያስፈልግ፣ ከእያንዳንዱ ደረሰኝ የሱቋ ግማሽ ቀን ይበልጣል። ስለዚህ እኔ የምልከው ብር መድኃኒት ቤት ይገባል፣ መድኑ ሊከፍለው የሚገባውም በቆርቆሮ ውስጥ ይቀራል።

እንግሊዝን አሞግሼ ለመጨረስ አይደለም። እዚያ ከሰፈር ሐኪም ወደ ሆስፒታል ከተላኩ ሰዎች ውስጥ 92 በመቶው በ18 ሳምንት ሕክምናቸውን ይጀምሩ የሚለው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ተሟልቶ አያውቅም፤ ባለቤቴ ለጉልበቱ አሥራ አንድ ወር ጠብቋል። እናቴ ዓይኗን ለመታየት የጠበቀችው ስድስት ቀን ነው። ነገር ግን የባለቤቴ ቀጠሮ በደብዳቤ ቤታችን ደረሰ፣ የምርመራው ውጤትም ራሱ ከሐኪም ወደ ሐኪም ሄደ፤ በዚያ አሥራ አንድ ወር ውስጥ ስለ እሱ ብሎ ሥራውን የፈታ ዘመድ የለም። የተኛ ዕለት ምግቡን የሚያቀርበው ሆስፒታሉ ነበር፣ እኛ ደግሞ በጉብኝት ሰዓት አይተነው ወጣን። ከጎኑ የተኙት ሽማግሌ በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ጠያቂ እንኳ አልመጣላቸውም። ድሬዳዋ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ ሙቀቱን ሽሽት ከዛፉ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ሳህን የሚከፍቱትን አስታማሚዎች ሳይ እኚህ ሰው ትዝ አሉኝ፤ ምን ብዬ እንደማስብ ግን እስካሁን አልቆረጥኩም።

ስለ ጥርስ ክሊኒኩ ብዙ የምለው የለኝም፦ ንጹሕ ነው፣ በቀጠሮው ሰዓት አስገቡን፣ ዋጋውን አስቀድመው በጽሑፍ ሰጡን። ሊድስ ውስጥ አዲስ ሕመምተኛ የሚቀበል የመንግሥት የጥርስ ሐኪም አጥቶ ሁለት ዓመት በአንድ ወገን ሲያኝክ የነበረው ባለቤቴ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተገላግሏል።

ለመሄድ ለምታስቡ ቤተሰቦች፦ ልጅ ካተኮሰባችሁ ጤና ጣቢያውን አትናቁት፣ በጠዋት ሂዱ፤ ያለማዘዣ ከሚሸጥ መድኃኒት ራቁ፤ ስትመለሱም ትኩሳት ከመጣ ከየት እንደመጣችሁ ለሐኪማችሁ ተናገሩ። ለወላጆቻችሁ ገንዘብ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ደብተሩ መታደሱን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያመላልሳቸው ጠይቁ። እኔ ከዚህ በኋላ ለወንድሜ ሚስት የዋለችበትን ቀን ለይቼ ልከፍላት ብዬ ሳነሳባት ተቀይማ ነበር፤ በመጨረሻ በክትትል ቀን ሱቁን የምትጠብቅ ልጅ ለመቅጠር ተስማማን።

ከመመለሳችን በፊት ባለው ሳምንት ወደ መድን ምዝገባው ቢሮ ሄጄ የሦስት ዓመት መዋጮ በአንድ ጊዜ ልክፈል ብዬ ጠየቅኩ። መዝጋቢው ፈገግ ብሎ «እኅቴ፣ በየዓመቱ ነው፤ የምዝገባው ወቅት ሲደርስ ይምጡ» አለኝ። የምንሄድበትን ቀን ላስረዳው አፌን ስከፍት፣ የወንድሜ ሚስት ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ከጥቅምቱ የቀጠሮ ወረቀት ጋር አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።