ሚኒ-አይቲኤክስ ወይስ ማይክሮ-ኤቲኤክስ? ለትንሽ ግን ጉልበተኛ ኮምፒውተር የሚሆን ማዘርቦርድ

ጠረጴዛ ላይ ቦታ የማይሻማ፣ ግን ከባድ ጌምም ሆነ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ቢጭኑበት የማይንገዳገድ ኮምፒውተር መገጣጠም የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደናገረው ማዘርቦርዱ ላይ ነው፣ ማለትም ሁሉም የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ላይ። ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን ኪስ ይወስናቸዋል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሳሳታችሁ ግን ኬዙም ኩለሩም ፓወር ሰፕላዩም አብረው ነው የሚበላሹባችሁ። በብዛት የሚመረጡት ትናንሽ ሳይዞች ሚኒ-አይቲኤክስና ማይክሮ-ኤቲኤክስ ናቸው፣ እኔ በሁለቱም ገጣጥሜያለሁ፣ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ግን ለየቅል ናቸው።

መጀመሪያ ሳይዙ። ማይክሮ-ኤቲኤክስ ሙሉው 244 በ244 ሚሊሜትር ነው፣ አንዳንዱ ከዛም ያንሳል። ሚኒ-አይቲኤክስ ደሞ 170 በ170 ነው። አባዝታችሁ ብታዩት አይቲኤክሱ የማይክሮውን ስፋት ግማሽ እንኳን አይሞላም። ቁጥሩ ብቻውን ምንም ካልነገራችሁ 17 በ17 ሴንቲሜትር ካርቶን ቁረጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ ከዛ መሃሉ ላይ ፕሮሰሰሩን፣ በጎኑ ራሙን፣ ከታች ግራፊክስ ካርዱን፣ በቀረው ቦታ ኤስኤስዲውንና የገመድ መሰኪያውን ሁሉ አስቡት፣ ያኔ ነገሩ ይገባችኋል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ስለሚገጥሙ አይቲኤክስ ቦርድ ማይክሮ ኬዝ ውስጥ ይታሰራል፣ ማይክሮውን ግን አይቲኤክስ ኬዝ ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይጥራ፣ ትንሽ ቦርድ ማለት ደካማ ቦርድ ማለት አይደለም። ይሄ አመለካከት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ሚኒ-አይቲኤክስን ቪያ የሚባለው የታይዋን ኩባንያ በ2001 እንደ ፈረንጆቹ ሲያመጣው ቦርዱ ላይ የተበየደ ትንሽ መብራት የሚበላ ፕሮሰሰር ይዞ ነበር፣ ስራውም ቀላል ቀላል ነገር ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱም ሳይዞች አንድ አይነት ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት መሰኪያ) ነው ያላቸው፣ የኤኤምዲን ፕሮሰሰር ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲን አይቲኤክስ ላይ ብትሰኩት ማይክሮ ላይ የሚሰጣችሁን ፍሬም (ጌም ላይ በሰከንድ የሚታይ የምስል ብዛት) ነው የሚሰጣችሁ። አይቲኤክስ ላይ የሚቀንሰው ጉልበቱ ሳይሆን መሰኪያው ነው፣ ስንት ነገር እንደምትሰኩና ከሰካችሁ በኋላ ለመንቀል ስንት ነገር እንደምታነሱ። ምርጫችሁም መሆን ያለበት በዚህ ነው።

ጉልበትን በተመለከተ ማየት ያለባችሁ ቪአርኤሙን ነው፣ ማለትም ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀርበውን ክፍል። ለምሳሌ ራይዘን 9 9950ኤክስ ወረቀት ላይ 170 ዋት ቢባልም በሶኬቱ በኩል እስከ 230 ዋት ድረስ መሳብ ይችላል። ጥሩ አይቲኤክስ ቦርድ ይህን ይሸከማል፣ በተቃራኒው ርካሽ ማይክሮ ቦርድ ቪአርኤሙ ላይ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) እንኳን ሳይኖረው ይሸጣል፣ እና ትልቅ ስለሆነ ብቻ ይሻላል ብላችሁ ከወሰዳችሁት ሲሞቅ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ዝቅ ያደርግባችኋል። ስለዚህ ሳይዙን ትታችሁ ሂትሲንኩን እዩ። አንዳንድ አይቲኤክስ ቦርድ ደሞ ሂትሲንኩ ውስጥ ጣት የምታህል ፋን ይከትበታል፣ ድምጿ ቀጭን ነው፣ ማታ ማታ ክፍሉ ጸጥ ሲል ትሰማለች፣ እኔ እንደዛ አይነቱን አልመርጥም።

ራም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ማይክሮ 4 ስሎት አለው፣ አይቲኤክስ 2፣ ስለዚህ ማይክሮ ይሻላል ይባላል። በቀድሞው የራም ትውልድ፣ በዲዲአር4 ጊዜ፣ እውነት ነበር። በአሁኑ በዲዲአር5 ግን 4 ራም ስትሰኩ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል፣ ራይዘን 9000 ላይ ኤኤምዲ ራሱ በይፋ የሚደግፈው ፍጥነት በ2 ራም 5600 ሜጋ ትራንስፈር በሰከንድ ሲሆን በ4 ራም 3600 ነው። ከዛ በላይ የሚያስኬዱ ሰዎች አሉ፣ ግን ዋስትና የለውም፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳም ራሙን ለማስተካከል ብዙ ደቂቃ ጥቁር ስክሪን ላይ ሊያስቆማችሁ ይችላል። አይቲኤክስ ላይ ግን በየቻናሉ አንድ ስሎት ብቻ ስላለና ከፕሮሰሰሩ ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ ራሙ ከፍ ባለ ፍጥነት ሳያስቸግር ይሄዳል። መጠኑም ቢሆን አሁን ባለ 48 ጊጋ ራም አለ፣ ሁለቱ 96 ጊጋ ይሆናሉ፣ ባለ 64ቱን ከወሰዳችሁ 128። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ስራ ካላችሁ እሺ፣ ማይክሮ ግዙ። ሌላው ሰው ግን ሁለቱን ተጨማሪ ስሎቶች ባዶ አድርጎ ነው የሚኖረው። አይቲኤክስ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ በኋላ "ልጨምር" ማለት እንደማይቻል ነው፣ ያለውን አውጥታችሁ ሌላ መግዛት ነው፣ ስለዚህ 2 ባለ 8 ጊጋ ይዛችሁ አትጀምሩ።

ስሎት ላይ ማይክሮው ያሸንፋል። አይቲኤክስ አንድ ፒሲአይኢ ስሎት (ግራፊክስና ሌሎች ካርዶች የሚሰኩበት ረጅም መሰኪያ) ብቻ ነው ያለው፣ ግራፊክስ ካርዱ ይወስደዋል፣ አበቃ። ካፕቸር ካርድ፣ የ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ፣ የድምጽ ካርድ የምትሰኩ ከሆነ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም፣ ማይክሮ ነው። ግን እዚህም ፎቶውን ሳታዩ እንዳትገዙ፣ ምክንያቱም የዛሬ ግራፊክስ ካርዶች ወፍራም ናቸው፣ 3 ስሎት የሚይዝ ካርድ ከስሩ ያለውን ሸፍኖ ይቀመጣል፣ እና 4 ስሎት አለው ብላችሁ የገዛችሁት ቦርድ የሚጠቅማችሁ የመጨረሻው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ረጅም መስሎ ውስጡ በ4 የመረጃ መስመር ወይ በ1 መስመር ብቻ የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል ስፔሲፊኬሽኑ ላይ አንብቡ።

ኤስኤስዲ ላይ ደሞ አይቲኤክስ ብዙውን ጊዜ 2 ኤም.2 (የቀጭን ኤስኤስዲ መሰኪያ) ይሰጣችኋል፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከጀርባ። ወረቀት ላይ ችግር የለውም። እኔ የጀርባውን የሞላሁት ቀን ትዝ ይለኛል፣ ወደ ትልቅ ለመቀየር ስነሳ ኬዙ ከጀርባ ክፍት ቦታ ስላልነበረው ግራፊክስ ካርዱን አወጣሁ፣ ባለ 24 ፒኑን ገመድ ነቀልኩ፣ የፊት ዩኤስቢውን ወፍራም ድርቅ ያለ ገመድ ነቀልኩ፣ ኩለሩ እንደታሰረ ቦርዱን በሙሉ አንስቼ ገለበጥኩት፣ ይሄ ሁሉ ለአንዲት 80 ሚሊሜትር ርዝመት ላላት ነገር ነው። ለዛውም ጀርባው አየር ስለማያገኝ ይሞቃል፣ ሂትሲንክ ያለው ኤስኤስዲ አይገባበትም። ስለዚህ ፈጣኑንና የሚሞቀውን ፊት ላይ፣ ቀዝቃዛውንና ትልቁን ጀርባ ላይ፣ ደሞ ከመጀመሪያው ትልቅ። ማይክሮው 2 ወይ 3 ኤም.2 ሁሉንም ፊት ለፊት ይዞ ይመጣል፣ ብሎን ፈታ አድርጎ መቀየር ነው።

ኩለር። ይሄን ችላ አትበሉ እባካችሁ። አይቲኤክስ ላይ ቦታ ስላነሰ ኤም.2ቱን ፎቅ አድርገው ይሰሩታል፣ ሂትሲንኩ ከሶኬቱ አጠገብ ቁመት ያወጣል። አንድ ጊዜ ዝርግ ኩለር ገዝቼ ላስቀምጠው ስል የኩለሩ ጫፍ ሂትሲንኩ ላይ አረፈ፣ የቀረው ክፍተት ወረቀት የማያስገባ ነበር፣ ዞሬም አዙሬም እምቢ አለኝ፣ ኩለሩን መለስኩት። ከዛ ወዲህ የኩለሩ አምራች ድረ ገጽ ላይ ካለው የሚገጥሙ ቦርዶች ዝርዝር ጋር ሳላመሳክር አልገዛም። እንደ ኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል9ኤ ያለ 37 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ኩለር ብዙ ቦርድ ላይ ይቀመጣል፣ ግን 230 ዋት የሚስብ ፕሮሰሰር ከሱ ጋር አታጣምሩ፣ 65 ዋት አካባቢ ያለ እንደ ራይዘን 7 9700ኤክስ አይነት ነው የሚሆነው። ማይክሮ ኬዝ ውስጥ ግን ቁመት ያለው ባለ ግንብ ኩለር ስለሚገባ ይሄ ጭንቀት ከሞላ ጎደል የለም።

ኬዙና ፓወር ሰፕላዩ አብረው ይታሰባሉ። አይቲኤክስ ኬዞች አብዛኞቹ ኤስኤፍኤክስ የሚባለውን ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ነው የሚቀበሉት፣ 125 በ100 በ63.5 ሚሊሜትር፣ በተመሳሳይ ዋት ከተለመደው ይወደዳል፣ ቦርዱም በተመሳሳይ ቺፕሴት (የቦርዱን መሰኪያዎች የሚያስተዳድር ቺፕ) ብዙ ጊዜ ከማይክሮው ይወደዳል፣ እና የትንሽነት ዋጋ ሁለት ቦታ ነው የሚከፈለው። በምትኩ የምታገኙት እንደ ፍራክታል ቴራ ያለ 10.4 ሊትር የሆነ፣ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ የሚሄድ ኮምፒውተር ነው። የምታዩት አይቲኤክስ ኬዝ 20 ሊትር ካለፈ ግን በኔ አስተያየት አቁማችሁ አስቡ፣ ምክንያቱም እዛ አካባቢ ማይክሮ የሚቀበሉ ጠባብ ኬዞች ይጀምራሉ፣ ስሎቱንም ራሙንም መስዋዕት አድርጋችሁ ያተረፋችሁት ቦታ የለም።

ጠባቦቹ ኬዞች ግራፊክስ ካርዱን ከቦርዱ ጀርባ ስለሚያስቀምጡት ራይዘር ኬብል (ካርዱን ከቦርዱ ስሎት ጋር የሚያገናኝ ገመድ) ይጠቀማሉ። ቦርዱና ካርዱ ፒሲአይኢ 5 ሆነው ኬብሉ ፒሲአይኢ 4 ከሆነ አንዳንዴ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ባዮስ (የቦርዱ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ገብታችሁ ስሎቱን ወደ ጄን 4፣ ማለትም ወደ ፒሲአይኢ 4፣ ዝቅ አድርጉት፣ ጌም ላይ የሚታይ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ባዮሱን በምን ልየው ካላችሁ ራይዘን 7000ና 9000 አብዛኞቹ ትንሽ ግራፊክስ ውስጣቸው ስላለ ገመዱን ከቦርዱ ኤችዲኤምአይ ላይ መሰካት ነው፣ ስማቸው በኤፍ የሚያልቀው ግን የላቸውም።

ቺፕሴት ላይ ብዙ አልሄድም። ኤኤም5 (የአሁኖቹ ራይዘኖች ሶኬት) ከሆነ ቢ850 ወይ ቢ650 ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፣ ኦቨርክሎክም (ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ) ይፈቅዳል፣ ኤክስ870 የሚጨምረው ዋና ነገር የግዴታ ዩኤስቢ4 ነው። ኢንቴል ጋ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ለማድረግ ዜድ890 ያስፈልጋል፣ ቢ860 ራሙን ብቻ ነው የሚፈቅደው። ኤኤምዲ ኤኤም5ን ቢያንስ እስከ 2027 እንደ ፈረንጆቹ እደግፋለሁ ስላለ፣ ደሞ አይቲኤክስ ፈቶ መግጠም አድካሚ ስለሆነ፣ ቦርዱ ሳይነሳ ፕሮሰሰር ብቻ መቀየር መቻሉ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ፕሮሰሰሩ የተበየደባቸው አይቲኤክስ ቦርዶችም አሉ። የሚኒስፎረም ቢዲ790አይ ባለ 16 ኮር የላፕቶፕ ራይዘን 9 7945ኤችኤክስ ይዞ ሙሉ ግራፊክስ ስሎት ይሰጣል። የፍሬምወርክ ቦርድ ደሞ ራይዘን ኤአይ ማክስ ላይ የተሰራ ነው፣ እስከ 128 ጊጋ ራም አብሮ ተበይዶ ይመጣል፣ ትላልቅ የኤአይ ሞዴሎችን ቤቱ ውስጥ ለሚያስኬድ ሰው አሪፍ ነው፣ ለጌም ብቻ ከሆነ ግን አልመክረውም፣ በኋላ ፕሮሰሰሩንም ራሙንም መቀየር አይቻልምና።

እንግዲህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ አንድ ግራፊክስ ካርድ፣ ሁለት ኤስኤስዲ፣ ሌላ የማይሰካ ሰውና ኮምፒውተሩን ይዞ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዓይኑን ሳያሽ አይቲኤክስ ይውሰድ። ገንዘቡ የጠበበ፣ ወይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገጣጥም፣ ወይ በየጊዜው አንድ አንድ ነገር እየጨመረ የሚሄድ ሰው ማይክሮ ይግዛ፣ በተረፈው ብር የተሻለ ግራፊክስ ካርድ ይገባበታል። ከመክፈላችሁ በፊት የፊት ዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ፣ በቂ የፋን መሰኪያ (አይቲኤክስ ላይ ብዙ ጊዜ 3 ነው)፣ ዋይፋይ (ማይክሮ ላይ ያለውም የሌለውም አለ)፣ እና ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ የሚጭን ቁልፍ መኖሩን እዩ።

አይቲኤክስ ከወሰዳችሁ ደሞ የፕሮሰሰሩን ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ኩለሩን ከማሰራችሁ በፊት ሰኩት፣ መሰኪያው ጥግ ላይ ነው፣ ኩለሩ ከተቀመጠ በኋላ ሁለት ጣት እንኳን አይገባም፣ ቀጭ ብሎ መቆለፉን በጆሯችሁ ስሙና ነው ወደ ሌላው የምትሄዱት።