ፊዮ ዲ03ኬ ዳክ፣ ከቲቪና ከአባቴ አምፕ ጋር 9 ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

ሰላም ሰዎች፣ ይሄን የምጽፈው ቤታቸው አሮጌ ቴፕ ወይ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ቁጭ ብሎ በቲቪ ቀጭን ድምፅ ለሚሰቃዩ ነው። ፊዮ ዲ03ኬ የቲቪን ዲጂታል ድምፅ አሮጌ አምፕ ወደሚገባው ድምፅ የምትቀይር ትንሽ ሳጥን ናት፣ ዳክ ይሏታል። 9 ወር ሞላኝ፣ ቤታችን ውስጥ በየቀኑ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ የማወራችሁ የመጀመሪያ ሳምንት ደስታ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው ከአባቴ አምፕ ነው። የጃፓን ስሪት ነው፣ ከባድ፣ ቮልዩሙን ስታዞሩት ለእጅ ራሱ ደስ የሚል፣ ከሁለት የእንጨት ስፒከር ጋር ሳሎን ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ስንት ዓመት ተቀመጠ። ቲቪው ደሞ ስስ ስለሆነ ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ነው ሚመስለው። እና በቲቪው የኤርፎን ቀዳዳ በኩል ከአምፑ ጋር አገናኘሁት፣ ሰራ፣ ግን ከስር እምምምም የሚል ነገር አለ፣ ሰው ዝም ሲል ደሞ እሱ ብቻ ነው ሚሰማው። ኬብል ቀየርኩ፣ ዲቫይደር ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች። አንድ ቅዳሜ ተናድጄ ሁሉንም አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ፣ የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ጀርባ ስፈታው ጭጭ አለ። መልሼ ሳስረው መጣ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ሦስቴም ያው።

እዛ ጋ ነው የገባኝ። የዲሹ ኬብል ጣሪያ ላይ ካለው ብረት ጋር ተያይዟል፣ አምፑ በራሱ በኩል ከግድግዳው ጋር፣ እኔ ደሞ ሁለቱን በድምፅ ኬብል ሳገናኛቸው በግራውንዱ (በመሬት መስመሩ) በኩል ዙሪያውን ገጠሙ፣ እና የመብራቱ 50 ኸርዝ እዛ ውስጥ እየዞረ ስፒከሩ ላይ ይወጣል። ኦፕቲካል ኬብል ውስጥ ግን መዳብ የለም፣ የሚያልፍበት ብርሃን ነው፣ ኤሌክትሪክ አይሻገርበትም። ቲቪው በኦፕቲካል የሚልከው ቁጥር ነው፣ የአባቴ አምፕ ደሞ ቁጥር አያውቅም፣ መሀል ገብቶ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ሞገድ የሚመልስለት ነገር ያስፈልጋል፣ ዳክ ማለት እሱ ነው።

መጀመሪያ ስም የሌላት ትንሽ ሳጥን ገዛሁ፣ በሁለተኛው ወር የግራው ድምፅ መቆራረጥ ጀመረ፣ ተውኳት። ከዛ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ፊዮ ዲ03ኬን አመጣችልኝ። መዳፍ ውስጥ ትገባለች፣ መግቢያዋ ኦፕቲካልና ኮአክሲያል (ያንኑ ቁጥር በመዳብ ገመድ የሚቀበል)፣ መውጫዋ ቀይና ነጭ ጃክ፣ አንድ 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳም አላት፣ እሱን አልተጠቀምኩበትም።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ይቺ ዳክ ላይ ያለው ዩኤስቢ ለመብራት ብቻ ነው፣ 5 ቮልት ይቀበላል አለቀ፣ ድምፅ በሱ አይገባም። ጓደኛዬ የኔን ሰምቶ ለላፕቶፑ ሊገዛት ነበር፣ ደግነቱ ቀድሞ ደወለልኝ። ላፕቶፕ ወይ ስልክ ከሆነ የምታገናኙት ድምፅ በዩኤስቢ የሚቀበል ሌላ ዓይነት ፈልጉ። ሌላው፣ እሽጉ ላይ 24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ ይላል፣ ድምፁን በምን ያህል ዝርዝር ቁጥር እንደምትቀበል ማለት ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሲዲ 16 ቢት 44.1 ነው፣ የቲቪ ድምፅ ደሞ በአብዛኛው 48 ነው፣ ስለዚህ ለቁጥሩ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አታውጡ፣ የምታገናኙት ዕቃ ጀርባ ላይ ምን ቀዳዳ አለ የሚለው ይበልጣል።

አገናኘኋት፣ ዝም። የኦፕቲካል ኬብሉ ጫፍ ላይ የምታሳይ የፕላስቲክ ቆብ አለች፣ ብርሃን ስለምታሳልፍ የተወለቀች ትመስላለች፣ አውልቋት። እሱን ሳስተካክል ደሞ ድምፁ ሙዚቃ ሳይሆን ቸሽሽሽ ሆነ። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ የዲጂታል ድምፅ አወጣጥ የሚል ቦታ አለ፣ ዶልቢ (የታመቀ ድምፅ) ወይ አውቶ ላይ ከሆነ ይቺ ዳክ አትፈታውም፣ ፒሲኤም (ያልታመቀው) አድርጉት። በ6ኛው ወር ቲቪው አፕዴት አርጎ በራሱ መለሰብኝ፣ ዳኳ ሞተች ብዬ ደንግጬ ነበር፣ እሱን ስመልሰው ተስተካከለች።

አምፑ ጋ ደሞ ኦክስ ወይ ሲዲ ወይ ቲውነር የሚለው ውስጥ ክተቱ፣ ፎኖ የሚለው ውስጥ በፍጹም። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው፣ ትንሽዬዋን ድምፅ በጣም ያጎላል፣ ቤዙንም ይጨምርባታል፣ ከዳክ የሚመጣው ጠንካራ ድምፅ ሲገባበት ይፈርሳል።

አሁን ዋናው። ኦፕቲካል አርጌም ጉምጉምታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር፣ ቀንሷል ግን አለ። ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ለካ ዳኳን መብራት የምሰጣት ከቲቪው ዩኤስቢ ነው፣ ያውም ቲቪው ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች ብዬ ነው የመረጥኩት፣ እና በኦፕቲካሉ የቆረጥኩትን ግራውንድ በዩኤስቢው መልሼ ቀጥዬዋለሁ! ነቅዬ ፓወር ባንክ ላይ ሰካኋት፣ ጸጥ። ቮልዩሙን እስከ ግማሽ አዙሬ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ፣ ስስ የሆነ ሽሽታ ብቻ። ከዛ በኋላ መሬት በሌለው ባለ ሁለት እግር የስልክ ቻርጀር ላይ ናት፣ እስከዛሬ እንዳማረባት አለች። እናንተም ጉምጉምታ ካስቸገራችሁ ሌላ ዕቃ ሳትገዙ በፊት በፓወር ባንክ ሞክሩ፣ ነፃ ነው።

ድምፁስ? ተአምር አልላችሁም። ከቴሌግራም የወረደ ባለ 128 ኪሎቢት (በጣም የታመቀ) ዘፈን በፍላሽ ቲቪው ላይ ሳጫውት ያው 128 ነው፣ ሲንባሉ ላይ ያለው መንቸፍቸፍ አሁን ይልቅ በደንብ ይሰማል። ጥሩ ተደርጎ የተቀዳ ነገር ላይ ግን፣ ማሲንቆ ሲመታ የፈረስ ጭራው ጅማቱን ሲፍቀው፣ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሽ ሲወስድ፣ እነሱ ድሮ ጉምጉምታው ስር ተቀብረው ነበር። የከበሮውም ምት ደረት ላይ ያርፋል። ለኔ ይሄ ብዙ ነው፣ አባቴ በዚህ አምፕ ሲሰማ የነበረው እንደዚህ ነበር።

የማይመቸው አንድ ነገር አለ፣ የኛ ቲቪ በኦፕቲካል ሲያወጣ ቮልዩሙ በሪሞት አይታዘዝም፣ ዳኳም ቮልዩም የላትም። እማዬ በመጀመሪያው እሁድ ቅዳሴ ከፍታ፣ "ልጄ፣ ይሄ ሪሞት ባትሪው አልቋል እንዴ?" አለችኝ። አይ እማ፣ ከአሁን በኋላ እዚህ ነው ብዬ የአምፑን መዞሪያ አሳየኋት፣ ጉልበቷን ስለሚያማት መነሳቱን አልወደደችውም። አምፑን ከጥግ አንስቼ ከሶፋዋ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አዛወርኩት፣ የስፒከር ገመድም ረዘም ያለ ገዛሁ። መዞሪያው ላይ ደሞ የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ሁለት ቦታ ነጠብ አረግኩ፣ አንዱ የቅዳሴ፣ አንዱ የዜና። አሁን ሳታየው በጣቷ ዳብሳ ታዞረዋለች።