የጉድጓድ ፓምፕ ፍተሻ፦ የ8 ሰዓቱ፣ የ24ቱ ወይስ የ72ቱ?

መቂ፣ ዝዋይ ወይም አዳማ አካባቢ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ምርጫ ይገጥመዋል። የፓምፕ ፍተሻው፣ ማለትም ውሃውን ያለማቋረጥ እየሳቡ ጉድጓዱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚወርድ መለካቱ፣ ስንት ሰዓት ይሁን? ገንዘቡ በቁፋሮው አልቋል። ቆፋሪውም «8 ሰዓት ይበቃል» ይላል። ሌላ ቦታ ቢሆን ዝም እል ነበር። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን የወንጂ የስብራት ቀበቶ ያልፋል፤ ምድሩ በስብራት የተተለተለ ነው።

ስብራት፣ ባለሙያዎቹ ፎልት የሚሉት፣ ሁለት ጠባይ አለው። አንዳንዱ በደቀቀ ድንጋይና በሸክላ ተደፍኖ እንደ ግድግዳ ይቆማል። አንዳንዱ ክፍት ነው፤ ውሃ ያመላልሳል። የትኛው እንደሆነ ላይ ላዩን በማየት ብቻ አይለይም። ፓምፑ ሲነሳ ግን የግፊቱ መቀነስ ከጉድጓዱ ዙሪያ እየሰፋ ሄዶ ስብራቱን ይነካዋል። ርቀቱ እጥፍ ከሆነ የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ነው። የሰዓት ጉዳይ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

በምሳሌ እንየው። ፍተሻው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀመረ እንበል። ከ6ኛው እስከ 60ኛው ደቂቃ ውሃው 3 ሜትር ወረደ። ከ60ኛው እስከ 600ኛውም 3 ሜትር። ጥሩ ጉድጓድ ይመስላል። የ8 ሰዓቱ ፍተሻ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አለቀ፤ ሰዎቹም ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። የተደፈነው ስብራት ግን የሚሰማው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጊዜው አሥር እጥፍ በጨመረ ቁጥር የሚወርደው 3 ሳይሆን 6 ሜትር ይሆናል። አንድ ዓመት ያለማቋረጥ ቢሳብ ከዚያች ሰዓት ወዲህ የሚወርደው 9 ሜትር ሳይሆን ወደ 18 ሜትር ነው። በ8 ሰዓቱ ውጤት ተማምኖ የተንጠለጠለ ፓምፕ አየር ይስባል፣ ይቃጠላል።

የ24 ሰዓቱ ይህን ስብራት ይይዘዋል። ስብራቱ እጥፍ ርቀት ላይ ቢሆንስ? የሚታየው በ40ኛው ሰዓት ነው። ያኔ የሚያገኘው የ72ቱ ብቻ ነው።

ስቴፕ ቴስት የሚባለውም አለ። ውሃውን ከትንሽ መጠን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ መሳብ ነው። ለፓምፕ ምርጫ ይጠቅማል፤ አይዝለሉት። ስብራትን ግን አያሳይም፤ መጠኑ በየደረጃው ሲቀየር ምልክቱ ይደበላለቃል።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ያለውን ልኬት ነው። ውሃው ሲመለስ ማየት ማለት ነው። ጀነሬተር ከፍ ዝቅ ሲል የውሃው መጠን ይዛባል፤ ፓምፑ ከጠፋ ግን የሚያዛባ የለም። ነዳጅም አይፈጅም። አንድ ሰው የመለኪያ ገመዱን ይዞ መቆየት ብቻ ነው። ይህ የሌለበትን ዋጋ አይቀበሉ።

ውሃው መውረዱን ቢያቆም ደግሞ ምናልባት ክፍት ስብራት ወይም ሐይቅ እየመገበው ነው። ደስ ይላል፤ ነገር ግን የውሃ ናሙናው በፍተሻው ማብቂያ ላይ ይወሰድ። በመጀመሪያው ሰዓት የሚወጣው ውሃ ከቅርብ የመጣ ነው፤ በሦስተኛው ቀን የሚወጣው ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ለእጅ ፓምፕ የ8 ሰዓቱ ይሆናል። ለግቢና ለጥቂት ከብት የ24ቱን ይውሰዱ። ለመስኖ፣ ለሆቴል ወይም ለከተማ ውሃ የ72ቱን ይክፈሉ። አቅራቢያዎ ሌላ ጉድጓድ ካለ እዚያም ይለካ፤ ስብራቱ በየት በኩል እንዳለ ፍንጭ ይሰጣል። ውል ሲፈርሙም «ጉድጓዱ በሰከንድ ይህን ያህል ሊትር ይሰጣል» የሚል አንድ ገጽ አይበቃም። እያንዳንዱ ልኬት ከነደቂቃው፣ ከነውሃው መጠን፣ ይሰጥዎ።